የወለላ ድንጋይ

አምበር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ አስማማው
ናዝሬት

ደብዳቤህ ዘግይቶም ቢሆን ደርሶኛል። የዘገየው በመንገዱ መዘጋት ብቻ አይደለም። «ለወይዘሮ ማንጠግቦሽ አበረ» ብለህ ስለጻፍህ ወረቀቱ ከሰው እጅ ሰው እጅ ሲዞር ከረመ። እዚህ በዚያ ስም የሚያውቀኝ የለም። እኔ ማንጠግቦሽ አምሳሉ ነኝ። አምሳሉ የእናቴ አባት ነው፤ ያሳደገኝም እሱ ነው።

ሰላምታህን ተቀብያለሁ፤ የእግዜር ሰላምታ አይመለስም። ለዕድሜዬ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ጆሮዬ ስልክ መስማት ከተወ ቆይቷል፣ ዓይኔ ግን እስካሁን ያነባል። «ይህን ደብዳቤ ለሚያነብልዎ ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው» ብለሃል። አልደረሰውም፤ የሚያነብልኝ ሰው የለም። ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል የቆጠርሁት፣ ሰው ደብዳቤ ሲያነብልኝ የዘለለውን መስመር ከፊቱ ላይ መፈለግ ስለሰለቸኝ ነው። ስለዚህ የጻፍኸውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ የሰረዝኸውንም ጭምር። «እህቴ» ብለህ ሰርዘህ «እትዬ» ብለሃል። ሁለተኛው ይሻላል። እሱንም ቢሆን ለዕድሜዬ ብዬ ነው የተቀበልሁት።

ወንድም እንዳለኝ አውቅ እንደሆነ ለጠየቅኸኝ፣ አላውቅም ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓመት ወንድም ሲገኝ እልል ይባል ወይስ ለቅሶ ይቀመጡ እንደሆነ ጎረቤቶቼም ግራ ገብቷቸዋል።

አሁን የፈለግኸውን ደግሜ ልጻፈው፤ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እንድታውቅ። አባትህ አበረ የተቀበረበት ግቢ ለመንገድ ሥራ ይነሣል። ዘመድ ያለው እስከ ግንቦት መጨረሻ አፅሙን ያንሣ፣ የቀረው በአንድ ጉድጓድ ይጠቃለላል ተብላችኋል። አባትህ ሲሞት ያለው ደግሞ «ከወለላ አጠገብ» ነው። ወለላ እናቴ ናት። እዚህ ከኪዳነ ምሕረት ግቢ ዳገቱ ላይ ናት። አፅሙን አምጥቼ ከእሷ አጠገብ ላሳርፈው ወይ ነው የምትለኝ።

አይሆንም።

ለምን እንደሆነ አንተ ምናልባት አታውቅምና ልንገርህ። እናቴ ቀኝ እጇ እጅ አልነበረም። ጣቶቿ እንደ ዛፍ ሥር ተጣመው ከመዳፏ ጋር ተጣብቀው ነበር። ነዶ የምታስረው በጥርሷ ነው። ስታማትብ በዚያው በተጣመመው እጇ ነበርና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጆች ይስቁ ነበር፤ ከሚስቁት አንዳንድ ጊዜ እኔም አለሁበት። ምን ሆነሽ ነው ስላት መልሷ ሁለት ቃል ነው፦ «መኪና ነው።» የቀረውን አገሩ ሞላልኝ። የጣሊያን ሾፌር የነበረው ባሏ በመኪናው ዳጣትና ከነሆዷ ጥሏት ከጣሊያን ጋር ሄደ። በሆዷ የነበርሁት እኔ ነኝ።

ሌላም አለ። ድሮ መንገዱ ጠጠር በነበረበት ጊዜ አምበር ላይ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ሲቆም፣ እናቴ ከምታደርገው ሁሉ ትነሣለች። የምትሸጠውን ገብስ ትታ፣ ድንጋይ አንሥታ፣ በግራ እጇና በሆዷ ደግፋ ሄዳ ከኋላ ጎማው ሥር ታደርጋለች። መኪናው እስኪነሣ እዚያው ቁማ ትጠብቃለች። ሾፌሮቹ «አንቺ ሴትዮ፣ በቅሎ መስሎሽ ነው የምታስሪው?» ይሏት ነበር። አንዱ ደግሞ «ድንጋዩን ለባልሽ ውሰጂለት!» አላት፤ ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ ቀና ብላም አላየችው። እኔ ግን በኀፍረት ከሰው መኻል ገብቼ ተደበቅሁ። ጭንቅላቷንም የነካት መኪናው ነው ሲሉ አመንሁ።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል። እኔም የሾፌር ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ በእግሬ ስመላለስ ኖሬያለሁ። አባትህን እዚያው ከጓደኞቹ ጋር አስቀምጠው።

በፖስታው ጀርባ የጻፍሁትን ግን መልስልኝ።

ማንጠግቦሽ አምሳሉ


ናዝሬት፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣

ከሁሉ በፊት ስለ ስሙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እንዳላስቀይምዎ ስፈራ አስቀየምሁዎ። ከእንግዲህ ወረቀቱ የሰው እጅ አይዞርም። ጌቱ የሚባል የደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ሾፌር ወዳጄ ነው፤ አምበር ሲደርስ ቆሞ በእጅዎ ይሰጥዎታል። አፉ ትንሽ ያዝ አይልም፤ ይታገሡት።

በፖስታው ጀርባ ለጠየቁኝ፣ አይመታም ነበር። እናቴንም እኔንም በእጁ ነክቶን አያውቅም። ይጠጣ ነበር ወይ ላሉት፣ አዎ፤ በዓመት አንድ ሰሞን፣ በመጋቢት መጨረሻ። ያን ጊዜ መኪና አይነዳም። ቁልፉን ለእናቴ ይሰጣትና በሩን ይዘጋል።

እኔም ሾፌር ነኝ፤ ከእሱ ነው የተማርሁት። እሱ ዕድሜውን የፈጀው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። በረሃው፣ ሙቀቱ፣ አሸዋው አይበግረውም። እኔ ሳውቀው ግን ዓባይን ተሻግሮ አያውቅም። የጎጃም ጭነት ሲመጣ ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ጤፍ ሊያመጣ እሺ ብሎ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። ጎሐ ጽዮን ከገደሉ አፋፍ ላይ መኪናውን አቆመና ወርዶ ቁጭ አለ። ከማዶ የእናንተ አገር እንደ ግድግዳ ቆሞ ይታያል። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ አየው። ከዚያ ተነሥቶ መኪናውን አዞረ። ለምን ስለው «ፍሬኑ አላማረኝም» አለኝ። ፍሬኑ ምንም አልነበረበትም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳት ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ታኮ እንግዲህ የእንጨት ሽብልቅ ነው። የአባቴ ታኮ የማንንም አይመስልም ነበር። ከዋንዛ አስጠርቦ እንደ አካፋ ረጅም እጀታ ያስገባለት ነው። ረዳቱ ራቅ ብሎ ቆሞ በእጀታው ይገፋዋል እንጂ እጁን ወደ ጎማው አያስጠጋም። ናዝሬት ያሉ ሾፌሮች «የአበረ አካፋ» ይሉት ነበር። «አበረ፣ መኪና ልታቆም ነው ወይስ መሠረት ልትቆፍር?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይስቅም። አንድ ረዳት እጀታው ረዝሞበት ታኮውን በእጁ ሲያስገባ አይቶት ከጋቢና ዘሎ ወርዶ ልጁን አቅፎ አልለቅም ሲል አይቻለሁ። ረዳቱ ይመታኛል ብሎ ፈርቶ ነበር።

የዋንዛው ታኮ አሁን እኔ ቤት ነው።

የቀረውን አውቃለሁ እትዬ። ነግሮኛል። ግን እናትዎ ዕድሜ ልካቸውን ለልጃቸው ያልተናገሩትን፣ እኔ ከሩቅ አገር ተነሥቼ በወረቀት ልናገር? ድፍረት ሆነብኝ። ስለዚህ ይቅር ይበሉኝና እዚህ ላይ ላቁም።

ትሑት ወንድምዎ አስማማው


አምበር፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስማማው፣

ያንተ ጌቱ አውቶቡሱን ሙሉ ሰው አስቁሞ «እማማ፣ የፍቅር ደብዳቤ መጣልዎ!» ብሎ ጮኸ። አገር ምድሩ ሰማ። ለመልሱ «ከዕድሜህ ቀንሰህ ስጠኝና አነበዋለሁ» አልሁት።

ደብዳቤህ ግን ጾም አስገድፎ ሳያጠግብ የሚቀር ዓይነት ነው። የእናቴን ፈቃድ ትጠይቃለህ። እሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ፈቃድ የሚሰጥህ ከእኔ በቀር የለም። አይመታም ብለሃል። ታዲያ እጇን ምን በላው? ዳጣትም አላልህ፣ አልዳጣትም አላልህ። መልካም ሰው መሆንህ ይታየኛል፤ መልካም ሰዎች ግን እንዲህ በልክ እየቆነጠሩ ሰውን ይገድላሉ።

ነገሩን መቼም ደብቄ አልያዝሁትም። መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስን አማክሬያለሁ። የኪዳነ ምሕረት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ የላኩብኝ ቃል ምን መሰለህ? «ልጅቱ ከፈቀደች እንፈቅዳለን።» ልጅቱ እኔ ነኝ። ጥርስ የሌላት ልጅ! መሪጌታውን «ልጅቱ ገና አልበሰለችም፤ ትንሽ ጠብቋት» አልሁት። እሱ ግን አልሳቀም። «የሰው አፅም ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ዝም ማለትም መልስ ነው፤ መልሱን ግን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው» ብሎኝ ሄደ።

አንድ ነገር ትዝ ያለኝን ልጻፍልህ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔን ስትወልድ ያዋለደቻት ወለተ ማርያም የምትባል ጎረቤታችን ነበረች። «እናትሽ በምጥ ድምፅ አላወጣችም» ትለኝ ነበር። «በደረቷ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ነው በሕይወት መኖሯን ያወቅሁት። እንዲህ ያለ ዝምታ ከየት ተማረችው እያልሁ ፈራኋት።» እኔም እናቴ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። በሬ ሲሞትባት፣ አባቷ ሲሞት፣ አንድ ጊዜም። አገሩ ልበ ደረቅ ይላት ነበር። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

በሚቀጥለው የጌቱ ጉዞ ሙሉውን ካልጻፍህልኝ አባትህን ከጉድጓዱ ጨምረው። ያን ጊዜ እኔም አርፋለሁ፣ አንተም ታርፋለህ።

ማንጠግቦሽ


ናዝሬት፣ መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣

በጌቱ አፍ የላኩብኝን ስድብ አድርሶልኛል፤ ሳይቀንስ። ይገባኛል። እነሆ ሙሉውን።

አባቴ ይህን የነገረኝ አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት ለእናቴም አልነገራትም። እንደነገረኝ እጽፋለሁ፤ ከራሴ አልጨምርም።

ጣሊያን መንገዱን ሲያወጣ አባቴ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ መኪና አጣቢ፣ ከዚያ ረዳት፣ በኋላም ሾፌር ሆነ። ዱቄትና ቆርቆሮ ያመላልስ ነበር። እናትዎን ያገባው ያን ጊዜ ነው። ከጋቢና ተቀምጠው ከሄዱ የአምበር ሴቶች የመጀመሪያዋ እናትዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰው ከመንገዱ ሸሽቶ በማሳው ውስጥ ሲተኛ እሳቸው በመስኮት እያዩ ይስቁ ነበር አለኝ። ዳገቱን ሁሉ በቃላቸው ያውቁት ነበር። ሞተሩ ሲያጉረመርም ምን እንደጎደለው ከእሱ ቀድመው ይናገራሉ። «ጆሮዋ ከእኔ ይበልጥ ነበር» አለኝ።

በ1933 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻ ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቆ ወደ ሸዋ ሲሸሽ ሾፌሮችን በጠመንጃ እየነዳ ይዟቸው ሄደ። የአባቴ ረዳት ሌሊቱን ጠፍቶ ነበር። እናትዎ እርስዎን ያረገዙ ናቸው፤ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። «ቤት ቆዪ» ቢላቸው «ታኮውን ማን ሊያስገባልህ ነው?» ብለው ጋቢናው ላይ ወጡ።

ዓባይን ተሻገሩ። ከወንዙ ማዶ ሽቅብ ሲወጡ መኪናው ቁስለኛ ጭኗል፤ ነጭም ጥቁርም። ከኋላ በዚያ ጠባብ መንገድ በእግሩ የሚከተለው ሕዝብ ነው፦ በቅሎ ነጂው፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ ልጅ ያዘለች ሴት። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ድንጋይ። የሚሸሽበት የለም። ከአንድ ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፋ። አባቴ ፍሬኑን ረገጠው፤ ፍሬኑ እየተንሸራተተ ያዘ። እናትዎ ታኮውን ይዘው ወረዱ።

ታኮውን ሲያስገቡት ጠጠሩ ከሥሩ ሸሸ። መኪናው ወደ ኋላ መምጣት ጀመረ። እናትዎ በሆዳቸው መሬት ላይ ተኝተው ታኮውን በእጃቸው ያዙት። ጎማው ታኮው ላይ ወጣ፤ እጃቸውም ላይ ወጣ። ቆመ።

አባቴ ከጋቢናው ሆኖ ምንም አላወቀም። የሚያውቀው መኪናው መቆሙን ብቻ ነው። እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ ይጠብቃል፤ «ልቀቀው» እስኪሉት ይጠብቃል። ልማዳቸው እንደዚያ ነበር፤ እሳቸው ሳይናገሩ እሱ እግሩን አያነሣም። ድምፅ የለም። ሕዝቡ ከኋላ እየሮጠ ድንጋይ ያመጣል፣ በአራቱም ጎማ ሥር ይከምራል። እናትዎ ይህ ሁሉ እስኪሆን ድምፅ አላወጡም።

ለምን እንደሆነ በኋላ ከሕዝቡ መኻል አንዲት ሴት ነገረችው። እናትዎን ልታነሣ ጎንበስ ስትል «ዝም በይ» አሏት። «የእኔን ጩኸት ከሰማ ዘሎ ይወርዳል። እግሩን ካነሣ ሁላችሁም አለቃችሁ።»

ድንጋዩ ከተከመረ በኋላ ሕዝቡ ሲጠራው አባቴ ወርዶ ያየውን አየ። ሊያነሣቸው ሲል ወታደሩ በሰደፍ መትቶ ከመሪው መለሰው። ሞተሩ ተነሥቶ ጎማው ከእጃቸው ሲወርድላቸው ሕዝቡ እናትዎን ይዞ ቀረ፤ መኪናው ሄደ። ከወራት በኋላ በሕይወት መኖራቸውን፣ እርስዎም መወለድዎን ከነጋዴ ሰማ። ታዲያ ለምን አልተመለሰም ብዬ ጠየቅሁት። «በምን እጄ ልጨብጣት?» አለኝ። ይህ መልስ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ እትዬ። ሌላ ግን አላገኘሁለትም።

«ሰው የሰማው ጩኸት ያሳብደዋል» አለኝ። «እኔን ያሳበደኝ ያልሰማሁት ነው።»

ሲሞት ቀኝ እግሩ የአልጋውን ጣውላ እንደረገጠ ነበር። ገናዦቹ ሊያቃኑት ሞክረው አልሆነላቸውም። እንደረገጠ ነው የተቀበረው።

አስማማው


አምበር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አስማማው፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰህ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ታምሜ አይደለም። ብዕር ስይዝ እጄን አየዋለሁ፤ ሳየው እውላለሁ። አምስቱም ጣቶቼ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ይህን የሚያህል ነገር ሰማንያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላየው ኖሬያለሁ።

ደብዳቤህን ወስጄ ከመቃብሯ ላይ አነበብሁላት። ጮክ ብዬ። አንድ ዲያቆን እየሮጠ መጥቶ «እማማ ምን ሆኑ?» አለኝ። «እናቴን እያስተዋወቁኝ ነው» አልሁት።

«በሆዳቸው መሬት ላይ ተኝተው» ብለህ ጽፈሃል። ቀለል አድርገህ አለፍኸው። ወንድ ነህና አልፈርድብህም። በእሷና በጠጠሩ መካከል የነበርሁት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ቁስለኛ፣ ከኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዲት ሴት መዳፍ ላይ ቆሞ፣ እኔ ከሥሯ ነበርሁ። እሷ ስትታፈን እኔም አብሬ ታፍኜ ይሆናል። ይህን ሳስብ ሌሊት አይደለም በቀትር ፀሐይ ይበርደኛል። ስንት ሰው ይሆን በእሷ ዝምታ ልጅ የወለደ፣ የልጅ ልጅ ያየ? ከእነሱ ስንቱ ይሆን አምበር ገበያ ላይ በመኪና አልፎ፣ ድንጋይ ይዛ የቆመችን አሮጊት በመስኮት አይቶ የሳቀ?

እሷ ዕብድ አልነበረችም። ሥራ ላይ ነበረች።

ለምን አልነገረችኝም የሚለውን አሰብሁበት። ብትናገር ምን ይሏታል? የጣሊያንን መኪና ያዳነች፣ የጣሊያንን ቁስለኛ ያተረፈች። በዚያ ዘመን ይህ ሙገሳ አይደለም። ከኋላ የነበሩትን ሰዎች ማን ይቆጥርላታል? ባሏን ብታማልድ ደግሞ እኔን አበረ አበረ እያልሁ መንገድ መንገድ የማይ ልጅ ታደርገኝ ነበር። ዝም አለች። በጀመረችው ቀጠለች ማለት ነው።

ትናንት ጌቱ መጣ። አውቶቡሱን ከትንሿ ዳገት ላይ አቆመ። ድንጋይ አንሥቼ ሄድሁ። ጎንበስ ብዬ ከኋላ ጎማው ሥር አደረግሁና ቆምሁ። «እማማ፣ የእጅ ፍሬን እኮ አለው!» አለኝ። «የእጅ ፍሬን ነበረው፤ የኔ እናት ናት» አልሁት። ምን እንዳልሁት አልገባውም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ። ተሳፋሪው አልሳቀም። አንዲት ልጅ ወርዳ ሌላ ድንጋይ አመጣችልኝ።

አሁን ስለ አባትህ። ይቅር አላልሁትም። በሰደፍ የመለሰው ወታደር አንድ ቀን ነው የመለሰው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የራሱ ነው። አምበር ድረስ መጥቶ በግራ እጁ ቢጨብጣት ማን ከለከለው? ይህን መቃብሩ ላይ እነግረዋለሁ፤ ለዚህም ቢሆን ቅርቤ መሆን አለበት። ስለዚህ አምጣው። ልጅቱ ፈቅዳለች ብዬ ለመሪጌታው ነግሬያለሁ።

ግን እንዲህ ነው የምታመጣው። በብርሃን ዓባይን ተሻገር። አፅሙን ከኋላ ከዕቃ ጋር አትጫነው፤ ከጋቢና አስቀምጠው፣ በረዳት ቦታ። እሷ የተቀመጠችበትን ይይ። የዋንዛውን ታኮ እንዳትረሳ። ከዚያ ዳገት ደግሞ አንድ ድንጋይ አምጣልኝ።

ማንጠግቦሽ


ደጀን፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ማንጠግቦሽ፣

ይህችን ቁራጭ ጌቱ ቀድሞኝ ያደርስልዎታል። ደጀን ደርሻለሁ። መንገዱ አስቆመን እንጂ ዛሬ እገባ ነበር፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ስለ መዘግየቴ ይቅርታ።

እንዳዘዙኝ አድርጌያለሁ። በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ፣ በሳጥን አድርጌ ከጎኔ አስቀምጬዋለሁ። ጎሐ ጽዮን ከአፋፉ ስንደርስ፣ ያን ጊዜ መኪናውን ያዞረባት ቦታ፣ እግሬ ራሱ ፍሬኑን ያዘ። «አባቴ፣ ፍሬኑ ደህና ነው» አልሁትና ለቀቅሁት።

ዕድሜዬን መኪና ነድቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ገደል ግን አላየሁም። አዲሱ አስፋልት ሰፊ ነው። የድሮው ጥርጊያ ግን ከበታቹ እንደ ተጣለ ጅራፍ አልፎ አልፎ ይታያል። በቅሎ እንኳ የምትፈራው ነው። መኪናዬን አቁሜ ወረድሁበት። የትኛው ኩርባ እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም፤ እንደነገረኝ ግን አንዱን መረጥሁ። ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ መዳፌን ዘርግቼ አየሁት። ከዚያ በላይ አልቻልሁም።

ድንጋዩን ይዣለሁ። ከባድ ነው።

አስማማው


አምበር፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስማማው
ናዝሬት

በደህና መግባትህን ጌቱ ነገረኝ፤ የእግዜር ክብሩ ይስፋ። ስትሄድ ሳልሰናበትህ በመቅረቴ ተከፍቼ እንደሆነ ብለህ የጠየቅኸው ደርሶኛል። አልተከፋሁም። እንዳላለቅስብህ ነው ከቤት የገባሁት። በቀብሩም ሰው እንባዬን አላየም፤ አንተም አታይም።

ጉንጭህ ላይ ያለውን ጠቃጠቆ ከእሱ የወረስኸው እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ረሳሁት። እኔም ያው አለኝ።

ያልነገርሁህን አንድ ነገር ልንገርህ። ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ዳገቱ ላይ ስታቆም፣ እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ እጠብቅህ ነበር። አላየኸኝም። ሰዉ ሁሉ ወደ ሳጥኑ ሲያይ እኔ የዋንዛውን ታኮ ከኋላ ጭነትህ ላይ አወረድሁት። እጀታውን ይዤ ከኋላ ጎማው ሥር ገፋሁት። እውነት ነው፣ የአበረ አካፋ እጅ ወደ ጎማ አያስጠጋም። ዕድሜ ልኩን የሠራው ያን አንዲት ነገር ነው። አይበቃም፤ ግን ሥራ ነው።

አንተ ከጋቢናው አልወረድህም። ቀሳውስቱ ቁመው ይጠብቃሉ፤ አንተ መሪውን ይዘህ ፊት ለፊት ታያለህ። መሪጌታው «ምን ሆነ ይሄ ሰው?» አለ። እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ገባኝ። እግርህን ከፍሬኑ አላነሣህም ነበር። የሚነግርህ ሰው ትጠብቅ ነበር። ያስተማረህ እሱ ነዋ።

እኔ ደግሞ ከተወለድሁ እንደ እናቴ ነኝ፤ ከመቃብሯ ላይ ካነበብሁላት በቀር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ መራራ ነኝ እንጂ ጯሂ አይደለሁም። ያን ቀን ግን ከሆዴ ውስጥ የመጣውን ራሴም አላወቅሁትም። «ልቀቀው!» አልሁ። ገበያው ድረስ ተሰማ ይላሉ። ርግቦቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ተነሡ። አንተ እግርህን አነሣህ፤ መኪናው ንቅንቅ አላለም። ወርደህ ዙረህ ስታየኝ የሆንኸውን አልጽፈውም፤ ያ የእኔና ያንተ ነው።

መሪጌታው ከእሷ ቀኝ እናድርገው ሲል እምቢ ማለቴን ሰው ሁሉ እስካሁን ያወራል። «አሮጊቷ አሁንም አልበረደላትም» ይላሉ። አንተም በዓይንህ ጠየቅኸኝ፤ በሰው ፊት መልስ መስጠት ስላልወደድሁ ነው ዝም ያልሁህ። ግቢው ዳገት ነው፤ አይተኸዋል። እናቴ ከላይ ናት። ከእሷ ጎን ወይም ከእሷ በላይ ቢደረግ፣ መሬቱ ክረምት ሲገባ ይሸሻል፣ ይንሸራተታል። ዳግመኛ እሷ ላይ እንዲመጣ አልፈቅድም። ስለዚህ ከእሷ በታች አስቀመጥሁት፤ አጠገቧ ነው፣ ግን ከበታች። ብትፈልግ እጇን ዘርግታ ትደርስበታለች። እሱ ግን አይወርድባትም።

አንተ ከሄድህ በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። የዓባዩን ድንጋይ ከእሱ በታች፣ ከእግሩ በኩል አስገባሁት። ጠጠሩን በደንብ ጠቀጠቅሁት፤ አይሸሽም። ከዚያ ልናገረው ያሰብሁትን ሁሉ ልጀምር አፌን ከፈትሁ። ብዙ ነበር። እንደ አረም አብቅዬ ያኖርሁት የሰማንያ ዓመት ነገር ነበር። እግሩ እንደረገጠ ነው የተቀበረው ያልኸኝ ትዝ አለኝና ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።

«ይዤዋለሁ» አልሁት። «እግርህን አንሣ።»

እህትህ ማንጠግቦሽ